አያ ፈንታ እና ዘጠነኛው ድምፅ

አያ ፈንታ ማረፉን ሲነግሩኝ አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። ያን ጊዜ ባሕር ዳር በአንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ እሠራ ነበር። የወረታ አውቶቡስ ረዳት በር ላይ ቆሞ፣ «ቴፕ ጠጋኙ ፈንታ አረፈ እኮ! ነገ ነው ቀብሩ» ብሎ ሲጮኽ፣ የያዝኩትን መቀስ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ «እንዴት አባቱ አሁን ይሞታል?» አልኩ። አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች አማተቡ። ለሞተ ሰው እንዲህ እንደማይባል አውቃለሁ። ግን ለዚያ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ። አንድ ቀን ወረታ ሄጄ፣ ሱቁ ገብቼ፣ በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ልነግረው ያሰብኩት ንግግር። ሳልነግረው አመለጠኝ።

በሕይወት ሳለ «አንቱ» ስለው ነው የኖርኩት። እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።

ሱቁ የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ መንገድ የሚገነጠልበት ጥግ ላይ ነበረች። ሱቅ የምላት ለክብሯ ነው እንጂ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሆዳቸው የተዘረገፈ ራዲዮኖች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። እሱ በመካከላቸው፣ ጆሮው ላይ ካቻቪቴ ሰክቶ ይቀመጣል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። «እንዴት አደሩ አያ ፈንታ?» ሲሉት «ምን ተበላሸ?» ብሎ ይመልሳል። ሰው ደኅንነቱን ሊጠይቀው ብቻ ይመጣል ብሎ አያስብም። ሲከፋው በሩን ከውስጥ ይቆልፋል፤ የሚከፋው ደግሞ ከሳምንቱ ግማሹን ነው። ያኔ ቢያንኳኩበት ከውስጥ «የለም!» ይላል። «ማን ነው የለም የሚለው?» ሲባል «የለም አልኩ እኮ! ሰው አይሰማም?» ብሎ ይቆጣል።

የሚያዳምጠው ነገር ሲኖር አንድ ዓይኑን ይጨፍንና የጆሮውን ጫፍ ይጎትታል። እንዲህ ሲያደርግ ማንም አያናግረውም። በመንገዱ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሰምቶ «ይኸ ሐሙሲት ሳይደርስ ይቆማል» ይላል። ማታ ከሐሙሲት የሚመጣ ሰው መኪናው ሜዳው ላይ ተገትሮ እንዳየ ይናገራል። ሾፌሮቹ ሟርተኛ ነው ብለው ይጠሉት ነበር።

እኔን ያወቀኝ በቀበሌው ኪነት ነው። ዘፋኝ ነበርኩ። በየስብሰባው መክፈቻ እየቆምን፣ ግራ እጃችንን እየወነጨፍን፣ የደም ሥራችን እስኪገተር እንጮኻለን። አንድ ቀን ድምፅ ማጉያው አልሠራ ብሎ ተሸክሜ ወሰድኩለት። ገለባብጦ አየውና ወደ እኔ ዞረ።

«ትናንት የዘፈንሽው አንች ነሽ?»

«አዎ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

«ማጉያው ጤነኛ ነው። የታመምሽው አንች ነሽ። የወረታ ሰው ሁሉ ደንቆሮ ነው ብሎ ማን ነገረሽ?»

እንባዬ መጣ። እሱ ግን የሰው እንባ የሚያይ ሰው አይደለም፤ ቀጠለ። «እውነት የሚናገር ሰው አይጮኽም። ጎረቤት እንዳይሰማው ቀስ ብሎ ነው የሚናገር። ሂጅና ቀስ ብለሽ ዘፍነሽ ነይ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። «አንች ኪነት» ነበር የሚለኝ። ተሳድቤ ወጣሁ፣ በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ፣ ቀስ ብዬ ዘፈንኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ሲጎትት ሳይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን አልክድም።

የካሴቱን ነገር የነገረኝ በክረምት ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ውሃ አልብሰውት፣ ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ከፍታው ወጥቶ ነበር። «ውሃው መስከረም ላይ ሲሸሽ ሰው የቀረለትን ሊያይ ይመለሳል» አለኝ። «ያን ጊዜ ሰው ሲመለስ የሚያንጎራጉረውን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ያን ነው የምቀዳ። ስሙም ‹ውሃ ሲሸሽ› ነው።» ከዚያ በፊት የሰማሁት ካሴት ሁሉ አንድ ዘፋኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘፍንበት ነው። እሱ ያሰበው ግን ዘጠኝ ሰው ነው፤ ዘጠኝ የማይመሳሰል ድምፅ፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላው እየተቀበለ፣ ልክ በአንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው እንደሚያዜሙ። «አንድ ሰው ብቻውን ምን ያውቃል?» ይል ነበር። የደስታ ዘፈን እንዳይገባ ደግሞ ከለከለ። «እስክስታ ያማረው ሰርግ ይጠብቅ።»

ዘጠኙን የሰበሰበው ራሱ እየዞረ ነው። ማሲንቆ የሚመታው አዝማሪው ታከለ፣ ከሜዳው የመጡ ሁለት ወንድማማች ከብት አርቢዎች ከነዋሽንታቸው፣ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ኑርዬ በመንዙማ፣ አንዲት ሙሾ አውራጅ፣ በገና ደርዳሪ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር በፉጨት፣ እኔ። ዘጠነኛዋን ኋላ አመጣለሁ። ያለን መቅጃ አንድ ማይክ የተገጠመለት ቴፕ ነው። የቴፑን ባትሪ ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያስመታዋል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ማጀቢያና ዘፋኝ የሚለየው በእርምጃ ነው። ወለሉ ላይ በከሰል ያሰምርና «አንተ እዚህ፣ አንች እዚያ፣ ጋሽ ኑርዬ ድቤውን ይዘው ከግድግዳው ሥር» ይላል። አንዱ ከመስመሩ ግማሽ ጫማ ካለፈ ይጮኽበታል። ቁልፉን ሊጫን ሲል «ዝም! ዝምታውም ይቀዳል» ይላል። ማንንም ሁለት ጊዜ አያስደግምም። «የመጀመሪያው ያንተ ነው፤ ሁለተኛው ለሰው ነው» ይላል። ሾፌሩ በፉጨቱ መሀል ሲያስለው ያ ሳል እንዳለ ቀረ። ዛሬም ካሴቱን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ያን ሳል ነው።

የምንቀዳው በታከለ ጠጅ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ጠጪ ሳይመጣ ነበር። ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ስለሆነ የመንገዱን ጫጫታ ያስቀራል። ስምንታችን ተቀድተን እንዳለቅን አያ ፈንታ አንድ ጠዋት ሴት ይዞ መጣ። ብርቄ ትባላለች፤ በከተማው ዳር የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ገበያ ላይ እንስራዋን በጣቷ አጥንት እያንኳኳች፣ አለመሰንጠቁን ለገዢ እያሰማች፣ በአፏ ስታንጎራጉር ሰምቷት፣ ገበያው እስኪበተን አጠገቧ ቆሞ ዋለ አሉ። አንድ ልጇን ደምሌን ለዘመቻ ከወሰዱባት ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር።

ታከለ በሩ ላይ ቆመ።

«አያ ፈንታ፣ ምን መሆንዎ ነው? ይች ጠይብ ናት እኮ።»

«እና?»

«እናማ፣ ሰው የሚበላበት ቤት ነው። ጠይብ ገብታበት ማን ይጠጣልኛል? ደግሞስ ከቡዳ ጋር አንድ ካሴት ላይ ሊያስገቡኝ ነው?»

ይህን ያለው ታከለ ነው። በአዝማሪነቱ የጨዋ ልጅ አትገባህም ተብሎ ሁለት ጊዜ ከሽምግልና የተመለሰው ታከለ! የሚንቀው አገኘና ተንጠራራ። ሙሾ አውራጇ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በገና ደርዳሪው ሽማግሌ መስቀላቸውን ከአንገታቸው አውጥተው ያዙ። ወንድማማቾቹ ወደ መሬት አዩ። እኔም ዝም አልኩ። የተናገሩት ጋሽ ኑርዬ ብቻ ናቸው። «እኛም እኮ ከእናንተ ጋር አንድ ማዕድ አንበላም» አሉ። «ካሴት ግን ሥጋ አይደለም። ምን ያጣላችኋል?»

አያ ፈንታ ፊቱ ጠቆረ። «ቡዳ የሚበላ በዓይኑ ነው አላችሁ» አለ። «ይኸ በጆሮ ነው የሚገባ። የት አባቷ ሆና ነው የምትበላችሁ? ባትሪ ድንጋይ ውስጥ?» ታከለ ግን ከበሩ አልተነቃነቀም። ቤቱ የሱ ነው። በመጨረሻ ብርቄ ራሷ «ተዋቸው አያ ፈንታ፣ እኔ ከደጅ እሆናለሁ፤ ለምጀዋለሁ» አለች። አያ ፈንታ የማይኩን ሽቦ እስከ ደጁ ሳበ። ሽቦው ከጣራው በታች እስከ ደረጃው ደረሰ። እሷ ከዝናብ ውሃ መውረጃው አጠገብ ተቀመጠች። ባዶ እጄን ቃሉ አይመጣልኝም ብላ ያመጣችውን ጭቃ ሳንቃ ላይ አኑራ በመዳፏ ትጠፈጥፈው ጀመር። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ።

ሸክላ ሠሪ ብለው ከቤት ያላስገቡኝ፣
ልጄን ለዘመቻ አንደኛ ጻፉብኝ።
ጭቃውን ባቦካው ገንቦ ይሆንልኛል፣
ልጅ በምን ይቦካል? ማን ይመልስልኛል?

ብዙ ስንኝ ነበረው፤ እኔ የያዝኩት ይህንኑ ነው። አልጮኸችም። ከቤት ውስጥ ያለን ሰዎች ለመስማት ወደ በሩ ቀረብን። ታከለም ቀረበ። ከጀርባዋ ከብት ሲያገሣ፣ ጣራው ሲያንጠባጥብ፣ ሩቅ መኪና ሲያልፍ ሁሉ አብሮ ተቀድቷል። እኛ ስምንታችን በወፍራም ግድግዳ ተከልለን የዘፈንነው ከሷ ቀጥሎ ሲሰማ ሬሳ ሳጥን ውስጥ የተዘፈነ ይመስል ነበር። አያ ፈንታ ቁልፉን ካጠፋ በኋላ ጆሮውን እንደያዘ ብዙ ቆየ። «ከደጅ ማስቀረታችሁ ለራሷ ጠቀማት» አለን፣ ሳይስቅ።

ብርቄ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችው። «ይኸ ነገር ጎንደር ይሰማል?» «ይሰማል» አላት። «ልጆቹን የሚያሠለጥኑት አለቆች ይሰሙታል?» «ቴፕ ያለው ሁሉ ይሰማዋል።» «እንግዲያማ አንድ ለእናቱ መሆኑን ይስሙልኝ። ሰው ናቸው፤ ይመልሱልኝ ይሆናል።» ከልቧ አምና ነው ያለችው። እሱም «ይሰማል» አላት፣ ሁለተኛ። ለሷ ያ ካሴት ዘፈን አልነበረም፤ አቤቱታ ነበር።

የከተማችንን ሊቀመንበር ስም አልጽፍም። ዘመዶቹ አሉ፣ አንዳንዶቹ ደህና ሰዎች ናቸው። ዘማች ሲመለመል የጠይብ ልጆችን ስም ከላይ የሚጽፍ እሱ ነበር፤ የሚጮኽላቸው ሽማግሌ እንደሌለ ያውቃላ! ካሴቱ ከመባዛቱ በፊት «ለስብሰባ ይፈለጋል» ብሎ የአያ ፈንታን ሁለተኛ ቴፕ አስወሰደ። ያለ ሁለተኛ ቴፕ ደግሞ ካሴት አይባዛም፤ ዘጠኝ ድምፅ አንዲት ካሴት ላይ ታስሮ ቀረ። በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ሱቁ ገባ። «የቀዳኸውን አሰማኝ» አለ። ማን እንደ ነገረው አላውቅም። ዘጠኝ ነበርን፤ ከዘጠኛችን አፍ ነው የወጣ። አንዳንድ ቀን ኪነት ክፍል ውስጥ ስፎክር አምልጦኝ ይሆን እላለሁ።

እኔም እዚያው ነበርኩ። ሊቀመንበሩ እግሩን አነባብሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማ። በፉጨቱ ሳቀ። መንዙማው ላይ ራሱን ነቀነቀ። ብርቄ «አንደኛ ጻፉብኝ» ስትል እግሩን አወረደ።

«ይኸ ይጥፋ» አለ። «በቦታው ስለ ዘመቻው የሚያበረታታ ይግባ። ይች ልጅ አለች፤ ከኪነት ትዝፈንበት። ያን ጊዜ ቴፕህ ይመለሳል፣ ካሴትህን እንደፈለግህ ታባዛለህ። ካልሆነ ግን ሁሉንም እወስደዋለሁ፤ አንተንም ጭምር። ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ።»

ሰው ሁሉ ላይ የሚጮኸው አያ ፈንታ «እሽ ጓድ ሊቀመንበር» አለ። ያን ቃል ስሰማ የሆነብኝን ዛሬም መናገር ይከብደኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደድኩ።

በሦስቱ ቀን ውስጥ ታከለ፣ ወንድማማቾቹ፣ ሙሾ አውራጇ ሁሉ እየተመላለሱ ነዘነዙት። «ለአንዲት ጠይብ ብለን ስምንታችን እንቅር?» ይሉታል። «እሷ እንደሆን ገንቦዋን ትሠራለች። ምን ይጎድልባታል?» እሱ በሩን ቆልፎ «የለም!» ይላል። በሁለተኛው ቀን እንኳ ሱቁ ውስጥ እንዳልነበረ ሰማሁ፤ የት እንደ ሄደ ግን ያወቀ የለም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቤቴ መጣ። ከደጅ ቆሞ «አንች ኪነት፣ ነይ ዝፈኝ» አለኝ።

እንግዲህ ውሸቴን እዚህ ላይ ልተው። ፈርቼ ነው ብዬ ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ። ፈርቼም ነበር። ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ ካሴቱ ላይ ሁለት ዘፈን የሚኖረኝ እኔ ብቻ መሆኔ። ይህን ሳስብ ደስ ብሎኛል። ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ግን ደስ ብሎኛል። ደግሞም እሱ «አይሆንም» እንዲል፣ ማይኩን ነቅሎ እንዲወረውር፣ እኔ እንቢ ማለት እንዳይጠበቅብኝ እጠብቅ ነበር። ትልቅ ሰው የሚሆነው ለዚያ አይደለም እንዴ? እሱ ግን ሱቁ ስንደርስ ካሴቱን አጠንጥኖ፣ እርምጃ ሳይለካ፣ ከሰሉን ሳያሰምር፣ «ዝም» እንኳ ሳይል ቁልፉን ተጫነ።

ወጣቱ ዘመተ በሆታ በደስታ፣
ከፎገራ ሜዳ ከመሀል ወረታ።

ጮኼ ዘፈንኩት። ሁለት ጊዜ አላስደገመኝም።

ቴፑ ተመለሰ፤ ካሴቱ ተባዛ። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በየአውቶቡሱ ይሰማ ጀመር። ሰው «ውሃ ሲሸሽ»ን ሰምቶ ያለቅሳል፤ መጨረሻው ላይ እኔ ስደርስ ሾፌሩ ካሴቱን ይገለብጣል። ጆሮ ያለው ሰው ሌላም ነገር ይሰማል። አያ ፈንታ ቁልፉን የተጫነው ትንሽ ዘግይቶ ስለሆነ፣ ከኔ ጩኸት በፊት የብርቄ መዳፍ ጭቃውን ሲመታ ቀርቷል። ጧ፣ ጧ፣ ከዚያ እኔ። ሆን ብሎ ነው የተወው ብለው የሚያደንቁት አሉ። አልቀበልም። ፈርቶ ነው የዘገየ። ሁለት ጥፊ ጭቃ ትቶ ጀግና የሚባል ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ወረታ አላስቀምጥ አለችኝ፤ ባሕር ዳር ሄድኩ። ሦስት ዓመት አንድም ቃል አልላክሁበትም። የብርቄ ልጅ መርዶ ዓምና መምጣቱን እንኳ የሰማሁት ከአውቶቡስ ረዳት ነው።

ለቀብሩ በጠዋት ተሳፍሬ ደረስኩ። ወረታ ወጥቶለታል። በሩን እየቆለፈ «የለም» ያላቸው ሰዎች ሁሉ መጥተው ነበር። ከቀብር መልስ ዳሱ ውስጥ ስንገባ ሊቀመንበሩ ከፊት ተቀምጧል፤ ታከለ ከጎኑ። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ «ጓድ ፈንታ የሕዝብን ድምፅ ለሕዝብ ያሰማ ታታሪ ነበር» ሲል ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። ብወጣ ይሻላል፤ ብቆይ የማደርገውን አላውቅም።

ብርቄ ከአጥሩ ሥር ለብቻዋ ተቀምጣለች። በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አጠገቧ አለ። ጎረቤት ሁሉ ለለቅሶ ቤት ዳቦ ያመጣል፤ በር ላይ የሚቀበሉ ሴቶች አሉ። የሷን የተቀበለ የለም። ሄጄ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«እትየ ብርቄ፣ የሚያውቁኝ አይመስለኝም።»

«አወቅሁሽ። በየመኪናው እሰማሽ የለ?»

ከዚያ ለአያ ፈንታ ያጠራቀምኩት ንግግር ሁሉ ለሷ ወጣ። የርስዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳት። ከልክሎኝ ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር፣ ፈሪ ነው፣ በደካማ ላይ ብቻ የሚጮኽ ነው አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አንች አይደለሽም። ከማጥፋቱ በፊት መጥቶ ጠይቆኛል» አለች።

«ማን?»

«አያ ፈንታ ነዋ። በማግስቱ ሊያጠፋው፣ ረፋድ ላይ ቤቴ መጣ። ከደጅ ይቆማል ብዬ በርጩማ ይዤለት ስወጣ አልፎኝ ገባ። መደቤ ላይ ተቀመጠ። ደነገጥሁ። እንጀራ አቀረብሁ፤ በላ። ጨምሪ አለኝ፤ ጨመርሁለት፣ በላ። ከዚያ ነገሩን ነገረኝና ‹ላጥፋው ወይ?› አለኝ። ‹አታጥፋው። ልጄ ገና በሕይወት አለ፤ ሰው ይስማልኝ› አልሁት። ‹እሽ› ብሎኝ ሄደ። ሄዶ አጠፋው።»

«አታጥፋው ብለውት?!»

«አዎ።»

«ታዲያ ለዚህ ሰው ነው ዳቦ ጋግረው የሚያለቅሱ?» ብዬ ጮኽሁ። ዳሱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዞረው አዩን።

«ቧ! ምን ነካሽ ልጄ? ለቅሶ ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ቃሉን አጥፏል። ይቅር አላልሁትም። የልጄ መርዶ ከመጣ ወዲህም ሁለት ጊዜ ቴፑን ይዞ መጥቶ ‹እንደገና በይልኝ› አለኝ፤ እንቢ አልሁት። ያን ያልሁት ልጄን እንዲመልሱልኝ ነው፤ አሁን ለማን ብዬ ልበለው? ግን ከወረታ ሰው ቤቴ ገብቶ የበላ እሱ ብቻ ነው። ቤትሽ የበላ ሰው ሲሞት ታለቅሻለሽ። ሌላ ምን ታደርጊያለሽ?»

እሷ ጨርቁን ፈታችና ዳቦውን ቆረሰች። ሩዝ የተቀላቀለበት፣ ነጣ ያለ ዳቦ ነው፤ ሽታው ደረሰኝ። ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፤ ሆዴ ጮኸ። ጥፍሯ ሥር ጭቃው ደርቆ ይታያል።

«እንኪ ልጄ፣ ከመንገድ ነው የመጣሽ፤ ቅመሽ» ብላ ዘረጋችልኝ።

ታከለን ስረግም የኖርኩ፣ ሊቀመንበሩን ስረግም የኖርኩ፣ የሞተውን እንኳ ያልማርኩ እኔ፣ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሰበሰብኩ።

«እየጾምኩ ነው እትየ» አልኳት።

አየችኝ። «እሽ ልጄ» አለችና ቁራሹን መልሳ ጠቀለለችው።

ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም፤ ቀኑም ሐሙስ ነበር።